የጤነኛ አራስ ልጅን የአድሬናል ሆርሞን መለካት፦ ናሙናው ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ በላቦራቶሪ ሙያ ነው የምተዳደረው። አብዛኛው ሥራዬ የሕፃናት ናሙና ነው። አዲስ ለሚቀጠሩ ቴክኖሎጂስቶችና ነርሶች አወሳሰዱን የማሳየውም እኔ ነኝ። ሁሉም ሲመጡ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ሲሆን ነው ኖርማል?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ልጁ ከተወለደ ስንት ሰዓቱ ነው? መቼ ጠባ? አልቅሶ ነበር? ናሙናው ደም ነው ወይስ ምራቅ? በምን ማሽን ተሠራ? ይህ ካልታወቀ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ምንም አይነግረኝም።

እዚህ የምጽፈው ስለ ጤነኛ ልጆች ነው። የታመመ ልጅ ከሆነ ሐኪሙ በፈለገው ሰዓት፣ በፈለገው ናሙና ያዛል፤ እኛም ሮጠን እንሠራለን። ጤነኛን ልጅ የምንለካው ግን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ስክሪኒንግ ነው፤ በሽታው ሳይታይ ቀድሞ ለመያዝ። ሁለተኛው ለጥናት ወይም ኖርማል ሬንጅ፣ ማለትም የጤነኛ ልጅ ቁጥር ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ለማውጣት ነው። ጤነኛ ልጅ ከምርመራው በቀጥታ የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ስለሆነ የሚደርስበት ሕመምም የዚያኑ ያህል ትንሽ መሆን አለበት። እኔ ይህንን እንደ ሕግ ነው የማየው።

መጀመሪያ እጢውን እወቁት

የአድሬናል እጢ በእያንዳንዱ ኩላሊት አናት ላይ የተቀመጠ ነው። አራስ ልጅ ላይ ከሰውነቱ ክብደት አንጻር ሲታይ ከአዋቂው 10 እስከ 20 እጥፍ ይተልቃል። ትልቁን ቦታ የያዘው ለማህፀን ዘመን ብቻ የሚያገለግለው ክፍል ነው፤ ፌታል ዞን ይባላል። ይህ ክፍል ዲኤችኢኤ ሰልፌት የሚባለውን ሆርሞን በብዛት ያመርታል። እንግዴ ልጁ ደግሞ ያንን ተቀብሎ ኤስትሮጅን ይሠራበታል። ልጁ ሲወለድ ሥራው ያበቃል። እጢው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፍጥነት ይከሳል፤ ዓመት ሳይሞላ ፌታል ዞን ይጠፋል።

ለእኛ ሥራ ትርጉሙ ይህ ነው። ዲኤችኢኤ ሰልፌት በተወለደ ቀን ከፍተኛ ነው፤ በ6 ወር ገደማ ወርዶ ወርዶ በጣም ትንሽ ይሆናል። ከዚያ 6 እና 7 ዓመት አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ዝም ይላል። ስለዚህ «ከ1 ዓመት በታች» ብሎ አንድ ሬንጅ የሚሰጥ ወረቀት ካያችሁ ተጠራጠሩት። የሁለት ቀን ልጅና የአሥር ወር ልጅ በዚህ ጉዳይ አይገናኙም።

17 ኦኤችፒ የምንለው፣ ሙሉ ስሙ 17 ሃይድሮክሲፕሮጀስትሮን፣ እጢው ሌሎች ሆርሞኖችን ሲሠራ በመሐል የሚፈጥረው ነው፤ እሱ ከዚህ ይብሳል። የእትብት ደም ውስጥ ከ1000 እስከ 3000 ናኖግራም በዴሲሊትር ሊደርስ ይችላል፤ ብዙው የእንግዴ ልጁ ነው። 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ቀኑን ጨርሶ የተወለደ ጤነኛ ልጅ ላይ ከ100 እስከ 200 ወዳለው ይወርዳል። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ግን ጤነኛም ቢሆን ከፍ ብሎ ይቆያል።

ኮርቲሶል፣ ሰውነት ሲጨነቅ እጢው አብዝቶ የሚለቀው ሆርሞን፣ አራስ ላይ ደግሞ አዋቂ ላይ የምናውቀው ጠባይ የለውም። አዋቂ ጠዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ ይላል። አራስ ልጅ ይህ ዑደት የለውም፤ ከ2 እና 3 ወር ጀምሮ ቀስ በቀስ ይመጣል፤ አንዳንዱ ላይ ከዚያም ይዘገያል። በደም ውስጥ ኮርቲሶልን የሚሸከመው ፕሮቲንም አራስ ላይ ትንሽ ነው። በዚህ ምክንያት ጠቅላላው ቁጥር ከአዋቂ ያንሳል። የአዋቂውን የጠዋት ሬንጅ አራስ ልጅ ላይ ለጥፎ «ዝቅተኛ» ብሎ መጻፍ ቤተሰብን በከንቱ ማስደንገጥ ነው። አወላለዱም ይለያል፤ በምጥ የተወለደ ልጅ የእትብት ደሙ ውስጥ ያለው ኮርቲሶል ምጥ ሳይጀምር በቀጠሮ ኦፕራሲዮን ከተወለደው ይበልጣል። ይህም ቅጹ ላይ ይጻፍ።

የሰውነትን ጨው የሚቆጣጠሩት አልዶስትሮንና ሬኒን በሕፃንነት ከአዋቂ ከፍ ይላሉ። የአራስ ኩላሊት ለአልዶስትሮን ገና በደንብ አይታዘዝም፤ ስለዚህ እጢው ብዙ ያመርታል። ከፍ ብሎ አይታችሁ አትደንግጡ።

ሰዓቱን መጻፍ

ይህ ቀላል ይመስላል። የእኛ አገር ናሙና ዋና በሽታ ግን እዚህ ነው ያለው።

እኛ ቀኑን ከንጋት እንቆጥራለን፤ ማሽኑ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። አንድ ልጅ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተወለደ እንበል። አንዷ አዋላጅ ካርዱ ላይ ማክሰኞ ብላ ትጽፋለች። ሌላዋ ረቡዕ ትላለች። ሁለቱም በራሳቸው አቆጣጠር ልክ ናቸው። ናሙናው ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተወሰደ። ትክክለኛው ዕድሜ 31 ሰዓት ነው። «ማክሰኞ 8 ሰዓት ሌሊት» የሚለውን አይቶ ኮምፒውተር ላይ ማክሰኞ 02:00 ብሎ ያስገባ ሰው ግን 55 ሰዓት ያገኛል። ለ17 ኦኤችፒ ይህ የአንድ ቀን ልዩነት ጤነኛውን ልጅ ታማሚ ሊያስመስለው ይችላል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። እናቲቱን ወይም አዋላጇን በቃል እጠይቃለሁ፤ «ለየትኛው ቀን አጥቢያ ነው?» እላለሁ። «ለረቡዕ አጥቢያ» የሚል መልስ አያሳስትም። ከዚያ ቅጹ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ቀኑንም ሰዓቱንም። መጨረሻ ላይ ዕድሜውን ራሴ አስልቼ «31 ሰዓት» ብዬ በሰዓት አሰፍራለሁ። ከሳምንት በኋላ በቀን፣ ከዚያ በሳምንት። «የ3 ወር ልጅ» የሚለውን አልቀበልም። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ የፈረንጁ 31ም 28ም አለው፤ ጳጉሜን በመሐል ከገባች ደግሞ ሒሳቡ ይበላሻል።

ከሰዓቱ ጎን ሌሎች ነገሮችም ይጻፉ። መጨረሻ የጠባበት ሰዓት፣ ከእንቅልፍ የነቃበት ሰዓት፣ ያለቀሰ እንደሆነ ለምን ያህል ጊዜ፣ የመውለጃ ሳምንቱ፣ የትውልድ ክብደቱ። እናቲቱ ከመውለዷ በፊት ለልጁ ሳንባ ማጠንከሪያ ተብሎ ዴክሳሜታዞን ወይም ቤታሜታዞን ተወግታ እንደሆነም ጠይቁ። እነዚህ መድኃኒቶች በእንግዴ ልጁ አልፈው የልጁን እጢ ለጊዜው ያስተኙታል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ በዘዴ የሚጠየቅ አለ፤ ቅባት። ለዳይፐር ሽፍታ ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛ ክሬም ውስጡ ስቴሮይድ፣ ማለትም ኮርቲሶልን የሚመስል መድኃኒት፣ ሊኖረው ይችላል። ፊት ያቀላል ተብለው የሚሸጡት ክሬሞችም እንዲሁ። እናቲቱ ፊቷን ተቀብታ ልጇን ብታቅፍ፣ ወይም የልጁን ቂጥ ሃይድሮኮርቲዞን ቀብታ በዚያው እጇ ምራቅ የሚቀዳበትን ዘንግ (ስዋቡን) ብትነካ፣ ማሽኑ የሚለካው ክሬሙን ነው። ክሬሙ በየቀኑ የሚቀባ ከሆነ ደግሞ በቆዳ ገብቶ የልጁን የራሱን ኮርቲሶል ያወርዳል። «ምን ትቀቢያለሽ?» ብሎ በደፈናው መጠየቅ ያሳፍራል። «ቱቦውን ይዘሽልኝ ነይ፣ እኔም አይቼ ልወቀው» ስትሉ ያመጡታል።

ቤተሰቡ ጋ ስትገቡ

መጀመሪያ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በሉ፤ ለሙስሊም ቤተሰብም እንደ ደንቡ። ወረቀት አውጥቶ ፊርማ መጠየቅ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ የምትወስነው አያት ናት። «ምራቁን ምን ልታደርጊው ነው ልጄ?» ብላ የጠየቀች አያት ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀችው። የሚሠራውን፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ሲያልቅ እንዴት እንደሚወገድ ንገሯት። የልጁን ምራቅ ወይም ደም ባዕድ ሰው ይዞት ሲሄድ ደስ የማይላቸው አሉ። ያንን መሳቅ ወይም መከራከር አያስፈልግም። «አይሆንም» ካሉ አመስግኖ መውጣት ነው፤ ናሙናው ለጥናት ብቻ ከሆነ ልጁ የሚቀርበት ነገር የለም። ለጥናት ከሆነ ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይኖር በር ማንኳኳትም አይገባም።

ስልክ ሁለት ተቀበሉ። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሴት ብዙውን ጊዜ እናቷ ቤት ነው የምትታረሰው። ካርዱ ላይ ያለው አድራሻ የባሏ ቤት ነው። ውጤቱ አስቸኳይ ሆኖ ሲገኝ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ ድረስ ከቤት የማይወጡበት ቤተሰብም አለ። ስለዚህ ቀጠሮ ስትሰጡ ይህን አስቡ፤ ካልሆነ እናንተ ሂዱ።

ምራቅ

ለኮርቲሶል፣ በጤነኛ ልጅ፣ የእኔ ምርጫ ምራቅ ነው። አያምም። የሚለካውም ከፕሮቲን ጋር ያልታሰረውን፣ ሥራ ላይ ያለውን ኮርቲሶል ነው። ስለዚህ ያ የተሸካሚ ፕሮቲን ማነስ አያስቸግረንም።

ከጠባ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይለፈው። የእናት ጡት ወተት ራሱ ኮርቲሶል አለው፤ ጠዋት ደግሞ ይበዛል። ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ የራሰ ጎዝ ይዛችሁ ድዱንና ጉንጩን በቀስታ ጥረጉ። 10 ደቂቃ ጠብቁ። ካልጠበቃችሁ ውኃው ምራቁን ያቀጥነዋል። አራስ ከሆነ «ቅቤ ተቀብሏል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለጋ ቅቤ ወይም የስኳር ውኃ ማስላስ አሁንም በብዙ ቤት አለ። ስለ ጡት ብቻ ማጥባት መምከር ካለባችሁ በሌላ ሰዓት ምከሩ። አሁን ከገሠጻችሁ በሚቀጥለው ቤት እውነቱን የሚነግራችሁ የለም።

ስዋቡ ለሕፃን የተሠራ ረጅምና ቀጭን ይሁን። አንደኛው ጫፍ ምንጊዜም በእጃችሁ ነው። ለአዋቂ የተሠራው አጭር ጥቅል ለሕፃን አይሆንም፤ ያንቃል። የጥጥ ስዋብም አትጠቀሙ፤ ጥጥ እንደ ዲኤችኢኤ ያሉ ሆርሞኖችን ውጤት ያዛባል፤ ምራቁንም ውጦ አይለቅም። ከሰው ሠራሽ ፋይበር የተሠራውን ምረጡ። ሌላኛውን ጫፍ ከምላሱ ሥር ወይም በጉንጩና በድዱ መሐል አስገቡ። አራስ ልጅ ይጠባዋል፤ ደስ ይለዋል። ከ60 እስከ 90 ሰከንድ አቆዩ፤ አውጡ፤ አሳርፉት፤ ድገሙ። የአራስ ምራቅ ትንሽ ነው። ጥቂት ማይክሮሊትር ለማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። ምራቁ እንዲበዛ ብላችሁ ሎሚም ሆነ ጣፋጭ ነገር አታስነኩ፤ አሲዱ ምርመራውን ያበላሸዋል። ስዋቡ ላይ ነጭ ወተት ወይም ደም ካያችሁ ጣሉት።

አሁን ዋናው ነገር። ምራቅ ውስጥ ያለው ኮርቲሶል ልጁ ከተረበሸ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ነው ጣሪያ የሚደርሰው። ይህ ማለት አሁን የምትወስዱት ናሙና ከግማሽ ሰዓት በፊት የሆነውን ነው የሚናገረው። ልጁ ልብሱ ወልቆ ከተመዘነ፣ ከታጠበ፣ ከተወጋ በኋላ የተወሰደ ምራቅ የሚናገረው የእናንተን ጤና ጣቢያ እንጂ የልጁን ዕረፍት አይደለም። ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት አለ፤ እናቶች ለዚያ ይመጣሉ፤ ያንን ቀን መጠቀም ብልህነት ነው። ግን ምራቁን ከሚዛኑም ከመርፌውም በፊት ውሰዱ። በር ላይ፣ ልጁ እናቱ ጀርባ ላይ ወይም እቅፏ ውስጥ እያለ። ልጁ ተኝቶ ከሆነ አትቀስቅሱ። ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። ናሙና ሰብሳቢ መጠበቅ የማይችል ከሆነ ሌላ ሥራ ይሻለዋል።

የዑደቱን መጀመር ማየት ከፈለጋችሁ አንድ ናሙና አይበቃም። ጠዋት ሲነቃ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት። ቢቻል ሁለት የተለያዩ ቀናት። ይህንን እናቲቱ ራሷ ቤቷ ማድረግ ትችላለች፤ አንድ ጊዜ አሳዩአት፤ ክሬም ካላት እጇን በደንብ እንድትታጠብ ንገሯት። እናቶች ከባለሙያ በላይ በሰዓቱ ይወስዳሉ፤ የሚቸግረው ቱቦው ላይ መጻፉ ነው። ቱቦዎቹን ቀድማችሁ ስም፣ ቀንና «ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ» ጽፋችሁባቸው ስጡ።

ናሙናው በአይስ ቦክስ ይምጣ፤ በዚያው ቀን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ፍሪዘር ይግባ። ማቀዝቀዝ ንፍጡንም ይሰብረዋል። ሲሠራ ቀልጦ በሴንትሪፊዩጅ በ1500 ጂ ለ15 ደቂቃ ይሽከረከርና ከላይ ያለው የጠራው ይወሰዳል። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን አትክፈቱ። ቴርሞሜትሩን በየጠዋቱ አንብባችሁ ፈርሙ። የቀለጠና እንደገና የበረደ ናሙና መልኩ እንደ ሌላው ነው፤ ካልተጻፈ ማንም አያውቅም።

ተረከዝ

17 ኦኤችፒ ግን በደም ነው፤ በፊልተር ወረቀት ላይ በደረቀ ጠብታ። ዘዴውን በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ያስፋፋው አሜሪካዊው ሮበርት ጋትሪ ነው፤ ለሌላ በሽታ። ለ17 ኦኤችፒ የዋለው በ1977 እ.ኤ.አ. ሲሆን የመጀመሪያው ሙከራ አላስካ ውስጥ ነበር፤ እዚያ የሚኖረው የዩፒክ ሕዝብ በሽታው በብዛት ስለሚገኝበት። ስዊድን በ1986 ጀመረች፤ እስራኤል በ2008 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)፤ ዛሬ በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ይሠራል። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ የወለዳችሁ አንባቢዎች፣ የልጃችሁ ተረከዝ ላይ ያያችኋት ትንሽ ፕላስተር ከምክንያቶቿ አንዱ ይህ ነው። የሚፈለገው በሽታ ሲኤኤች ይባላል። እጢው ኮርቲሶል መሥራት ያቅተውና መንገድ ላይ የቀረው 17 ኦኤችፒ ይከማቻል። በዓለም ላይ ከ10,000 እስከ 20,000 ልጆች ውስጥ አንዱ ገደማ ይወለድበታል።

ጊዜው ከተወለደ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ የሚመረጠው ከ48 እስከ 72 ሰዓት። እናቲቱ በ24 ሰዓት ከሆስፒታል የምትወጣ ከሆነ ከመውጣቷ በፊት ወስዳችሁ ሰዓቱን ጻፉ፤ ጭራሹን ከመቅረት ይሻላል።

ተረከዙን በሞቀ ፎጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አሙቁ። ሙቀቱ ከ42 ዲግሪ አይበልጥ፤ በራሳችሁ ክንድ ሞክሩት። እግሩ ከልቡ ዝቅ ይበል። 70 በመቶ አልኮል ቀቡና ራሱ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ እርጥብ አልኮል ደሙን ያቀጥናል፤ ያቃጥለዋልም። የሚወጋው የተረከዙ የታችኛው ገጽ የግራና የቀኝ ጠርዝ ነው። መሐሉ አይደለም፤ የኋላው ክብ ክፍልም አይደለም፤ እዚያ አጥንቱ ቅርብ ነው። ጥልቀቱ ከ2 ሚሊሜትር አይበልጥም። ለሕፃን የተሠራ፣ አንዴ ተኩሶ የሚመለስ ላንሴት (ትንሽ መውጊያ) ተጠቀሙ እንጂ በመርፌ አትውጉ። ልጁ በዚያ ሰዓት ጡት ላይ ይሁን። ሕመሙ በግልጽ ይቀንስለታል፤ ለ17 ኦኤችፒም ችግር የለውም። ምራቅም የምትፈልጉ ከሆነ ምራቁ ይቅደም።

የመጀመሪያውን ጠብታ በጎዝ ጥረጉት። ሁለተኛው ትልቅ ሆኖ ይንጠልጠል። ወረቀቱን አስጠጉና ክቡን በአንድ ንክኪ ሙሉ፤ ከአንድ ወገን ብቻ። ደሙ በጀርባው በኩል እኩል መታየት አለበት። ጠብታ ላይ ጠብታ አትደርቡ። እግሩን ጨምቃችሁ አታልቡት፤ ከደሙ ጋር የሰውነት ውኃ ይወጣና ቁጥሩ ይዛባል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኤዲቲኤ ካለበት ቱቦ ደም ቀድቶ ወረቀቱ ላይ ማንጠብጠብ ደግሞ በአንዳንድ ማሽኖች 17 ኦኤችፒን በሐሰት ከፍ ያደርጋል። ክቡን በጣት መንካትም ክልክል ነው፤ የክሬሙን ነገር አስታውሱ።

ከዚያ ወረቀቱን ጠፍጣፋ አስተኝታችሁ ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሰዓት በክፍል ሙቀት አድርቁ። ፀሐይ ላይ አይደለም፣ ማሞቂያ ላይም አይደለም፣ ተደራርቦም አይደለም። ሳይደርቅ ፖስታ ውስጥ የገባ ወረቀት ሲከፈት ይሸታል። ከደረቀ በኋላ እርጥበት መሳቢያ ከረጢት ካለበት ፕላስቲክ ጋር አሽጉና በ24 ሰዓት ውስጥ ላኩ። ክረምት ላይ ይህ ከሁሉ ይበልጣል።

ከደም ሥር መውሰድ ግድ ሲሆን፣ ለምሳሌ ለአልዶስትሮንና ሬኒን፣ መጠኑን አስቡ። የ3 ኪሎ ልጅ ጠቅላላ ደሙ 250 ሚሊሊትር ገደማ ነው። ለጥናት በአንድ ጊዜ ከ1 በመቶ፣ በ4 ሳምንት ውስጥ ከ3 በመቶ አይለፍ የሚለውን የአውሮፓውያን መመሪያ ነው እኔ የምከተለው። ይህም በአንድ ጊዜ 2.5 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። ላቦራቶሪው «5 ሚሊ ላኩ» ካለ ደውላችሁ «ስንት ማይክሮሊትር ይበቃችኋል?» በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከጠየቁት በጣም ያነሰ ይበቃቸዋል።

ማሽኑና ሬንጁ

እኛ ጋ አብዛኛው ሆርሞን የሚሠራው በኢሚዩኖአሴይ ነው፤ ሆርሞኑን በሚይዝ አንቲቦዲ የሚለካ ዘዴ ነው። ለአዋቂ ጥሩ ነው። አራስ ልጅ ደም ውስጥ ግን ከዚያ ከፌታል ዞን የተረፉ ብዙ ተመሳሳይ ስቴሮይዶች አሉ። አንቲቦዲው እነሱንም 17 ኦኤችፒ ብሎ ይቆጥራቸዋል። ናሙናው ቀድሞ ተጣርቶ ከሆነ ይሻላል። ከሁሉ የሚታመነው ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው ማሽን፣ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ የሚሠራው ነው። ምራቅ ላይም እንዲሁ፤ ምራቅ ውስጥ ከኮርቲሶል የሚበልጥ ኮርቲዞን አለ፤ ኢሚዩኖአሴይ ከፊሉን አብሮ ስለሚቆጥር ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከአንዱ ዘዴ የወጣን ሬንጅ ለሌላው አታውሱ። ውጭ አገር የተላከ ናሙና ሲመለስ ደግሞ አሃዱን ተመልከቱ። የኮርቲሶልን ማይክሮግራም በዴሲሊትር ወደ ናኖሞል በሊትር ለመቀየር በ27.6 ማባዛት ነው።

የራሳችሁን ሬንጅ ልታወጡ ካሰባችሁ ዓለም አቀፉ ልማድ ለእያንዳንዱ የዕድሜ ክፍል 120 ጤነኛ ልጅ ነው፤ ከዚያ ከታችና ከላይ 2.5 በመቶውን ቆርጦ መሐሉን መያዝ። 120 ልጅ እንጂ 120 ናሙና አላልኩም። አንድን ልጅ አራት ጊዜ ለክቶ አራት ብሎ መቁጠር ማታለል ነው። 120 ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ሌላ ቦታ በእናንተው ማሽን የወጣን ሬንጅ ወስዳችሁ በ20 ጤነኛ ልጅ ፈትሹት። ከ20ው መሐል ከሬንጁ ውጭ የወጡት ከ2 ካልበለጡ ተጠቀሙበት። ቶሮንቶ ውስጥ የሚሠራው ካሊፐር የተባለው ፕሮጀክት የልጆችን ሬንጅ በዕድሜና በማሽን ለይቶ ያወጣል፤ ከዚያ መጀመር ይቻላል። እኔ ለሬንጅ የምቀበለው 37 ሳምንት የሞላው፣ 2500 ግራምና ከዚያ በላይ የተወለደ፣ ጨቅላ ክፍል ያልተኛ፣ እናቱም ስቴሮይድ ያልወሰደች ልጅ ነው። የዕድሜ ክፍሎቹ መጀመሪያ ላይ ጠባብ ይሁኑ፤ በሰዓት፣ ከዚያ በቀን፣ ከዚያ በሳምንት።

ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲወጣ

17 ኦኤችፒው ከፍ ያለበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ቀኑ ሳይደርስ ተወልዶ ነው፣ ወይም ናሙናው ቶሎ ተወስዶ ነው። ይህን ብታውቁም በዚያው ቀን ደውሉ። ጨው የሚያባክነው የሲኤኤች ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው የሚገለጠው። ልጁ መጥባት ይተዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ ይደክማል። ሴት ልጅ ከሆነች ብልቷ ላይ የሚታይ ለውጥ ስላለ አዋላጇ ልትጠረጥር ትችላለች። ወንዱ ግን ደህና ይመስላል፤ «ተቅማጥ ነው፣ ምች ነው» እየተባለ ይሞታል።

ስትደውሉ «ፖዘቲቭ ነው» አትበሉ፤ በቴክስትም አትላኩ። «የልጁን ደም አንድ ጊዜ ደግመን ማየት ስላለብን ዛሬውኑ ይዘሽው ነይ፤ እንዴት እየጠባ ነው?» በሉ። ጡት እምቢ ካለ ወይም ካስመለሰው ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ላኩና እዚያ ላለው ሐኪም ራሳችሁ ደውሉ። ሶዲየም፣ ፖታሲየምና የደም ስኳር በዚያው ሰዓት ይሠራ። ሶዲየም ወርዶ ፖታሲየም ከወጣ ነገሩ ከባድ ነው። ለማረጋገጫ የሚሆነው የሆርሞን ደም ሃይድሮኮርቲዞን ከመሰጠቱ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል። ልጁ ከደከመ ግን መድኃኒቱ ናሙናውን አይጠብቅም።